ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

የአጼ ምኒልክን ደብዳቤ በፎቶ ያየ ሰው መጀመሪያ ዐይኑ የሚያርፈው ከላይ የተመታው የአንበሳ ማኅተም ላይ ነው። ተቀባዩ «ይህ ቃል በእርግጥ ከንጉሡ ነው?» ብሎ ቢጠራጠር ማኅተሙን ያይ ነበር። ለኢሜይል ግን መጀመሪያ ላይ ማኅተም አልተሠራለትም።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ነገሩን ከውስጥ በኩል አውቀዋለሁ። ኢሜይል የሚላክበት ሕግ፣ ኤስኤምቲፒ፣ በጆን ፖስቴል ተጽፎ የወጣው በ1982 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያኔ መረቡ በአብዛኛው የተመራማሪዎች ሰፈር ነበር፤ ሕጉም «ከ፦» በሚለው መስመር የተጻፈውን ስም እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ለሙከራ ከራሴ ሰርቨር የፈለግኩትን ስም ጽፌ ለራሴ ልኬ አይቻለሁ፤ ሰተት ብሎ ገባ።

ማታለሉ ግን ከኮምፒውተር ይቀድማል። ከወንጀለኛነት ወደ ፓሪስ መርማሪነት የተሻገረው ቪዶክ፣ ከ1828 ጀምሮ በታተመው ማስታወሻው፣ የፈረንሳይ እስረኞች «የኢየሩሳሌም ደብዳቤ» ስለሚሉት ዘዴ ይተርካል። እስረኛው ከአብዮቱ የሸሸ መኳንንት አሽከር ነኝ ብሎ ለማያውቀው ሀብታም ይጽፋል፦ የጌታዬን ሣጥን ደብቄያለሁ፤ ገንዘብ ይላኩልኝና ያለበትን ልንገርዎት። የሚያዘው ስስታም ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ማጥመጃው ተቀየረ። አሜሪካ ኦንላይን በሚባለው አገልግሎት ውስጥ አጭበርባሪዎች የድርጅቱን ሠራተኛ መስለው «ሂሳብዎን እንድናረጋግጥ የይለፍ ቃልዎን ይላኩ» ይሉ ጀመር። «ፊሺንግ» የሚለው ስም፣ ዓሣ ከማጥመድ ተወስዶ፣ የወጣው በዚያ ሰፈር ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ የተያዘው ታዛዡ ሰው ነው እንጂ ስስታሙ አይደለም።

ከዚያ ደግሞ ጠንቃቃው ሰው ተያዘ። ማርች 19 ቀን 2016 ለሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀመንበር ለጆን ፖዴስታ ከጉግል የመጣ የሚመስል ማስጠንቀቂያ ደረሰ፦ የይለፍ ቃልዎ ሰው እጅ ገብቷል፣ አሁኑኑ ይቀይሩ። ዝም ብለው አልተጫኑትም፤ ባለሙያ ጠየቁ። ባለሙያው «እውነተኛ ነው» ብሎ መለሰ፤ በኋላ «አይደለም» ለማለት ነበር ብሏል። የሚገርመው፣ ትክክለኛውን የጉግል አድራሻም አብሮ ልኮላቸው ነበር። የተጫኑት ግን ደብዳቤው ውስጥ ያለውን ሆነ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኢሜይሎቹ ዊኪሊክስ ላይ መውጣት ጀመሩ።

ነገሩ እኛም ጋ ደርሷል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በዲሴምበር 2017 ባወጣው ጥናት እንደገለጸው፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ሊንክ ያለበት ኢሜይል ይላክ ነበር። ሊንኩ የቪዲዮ ድረ ገጽ ወደሚመስል ቦታ ይወስዳል፤ ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ ፍላሽ ማጫወቻውን አድሱ ይላል። አብሮ የሚጫነው የስለላ ሶፍትዌር ነው። ጥናቱ ጣቱን የቀሰረው ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። እዚህ ላይ ማጥመጃው የአገር ጉዳይ ነው። ደግሞ የአንድ ሰው ኮምፒውተር ሲያዝ አብረው የሚጋለጡት አገር ቤት ሆነው የሚጽፉለት ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ነው «እኔ እኮ ስስታም አይደለሁም፣ አልሸወድም» የሚለው የማይሠራው። መታዘዝ፣ መጠንቀቅ፣ ለአገር ማሰብ፣ ሁሉም ማጥመጃ ሆኗል።

ዛሬ ማኅተምም አለ። ደረጃው በ2007 የወጣው ዲኪም መልእክቱ ከየትኛው ዶሜይን እንደመጣ በዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል። ግን የባንካችሁን አድራሻ አንድ ፊደል ቀይሮ የራሱን ዶሜይን የገዛ ሰውም ያንኑ ማኅተም ያገኛል። ፊርማው የአድራሻውን እውነተኛነት እንጂ የሰውየውን አይናገርም።

ስለዚህ የደብዳቤውን መልክ ስትመረምሩ አትዋሉ፤ ዛሬ ሰዋስውም አርማውም ሊያምር ይችላል። «አሁኑኑ» ካለ ቆም በሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ከባንክ ነኝ ካለ ኢሜይሉን ዝጉና የባንኩን አፕ ራሳችሁ ክፈቱ፤ ወይ ካርዳችሁ ጀርባ ያለው ቁጥር ላይ ደውሉ። ጓደኛ ሊንክ ከላከ በሌላ መንገድ «አንተ ነህ የላክኸው?» በሉት። ፖዴስታ ጋ የደረሰው ትክክለኛ አድራሻ ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ፣ ያ ማስጠንቀቂያ ውሸት መሆኑን ማንም ባያውቅም ጉዳት አያደርስም ነበር።