ስኳሩም መብራቱም ከአዋሽ

«ዘመናዊ ኢኮኖሚ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ፎቅ፣ ባንክና ኮምፒውተር ነው። እስቲ ዛሬ ፎቁን እንተወውና ሥሩን እንይ። ለኛ ለናዝሬት ልጆች ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ አዋሽ አጠገባችን ነው።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳያይ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ይህን የአገር ቤት ወንዝ ከስኳር ጋር ያገናኘው ግን ሩቅ አገር የሆነ ነገር ነው። ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዢያ ውስጥ ትልልቅ የሸንኮራ እርሻዎች ነበሩት። ኢንዶኔዢያ ከሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ስትላቀቅ ኩባንያው ሌላ አገር ማፈላለግ ያዘ። በ1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በ1946 የወንጂ ፋብሪካ በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር የማምረት አቅም ይዞ ሥራ ጀመረ። ሸዋ በ1955፣ መተሐራ በ1962 ተከተሉ። ሆላንዶቹ ገንዘብም፣ ማሽንም፣ ዕውቀትም ይዘው መጥተዋል። ውሃውና መሬቱ ግን የኛው ነበር።

ቆቃም ያው ነው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ተመረቀ። 43.2 ሜጋ ዋት ዛሬ ከሕዳሴ ግድብ ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ነው፤ ያኔ ግን የአገሪቱ ትልቁ የኃይል ማመንጫ ነበር። ክረምት ላይ የሚሞላውን ውሃ ይዞ በበጋ ስለሚለቅ ከበታቹ ያሉት እርሻዎችም ዓመቱን ሙሉ ይጠጣሉ። አንድ ወንዝ፣ ስኳርም መብራትም።

እሺ፣ ሂሳቡንስ ማን ከፈለ? የወንጂ ሜዳ የጂሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር። የመተሐራው ደግሞ የከረዩዎች። ሸንኮራው ሲገባ ከብቱ ወጣ። ሠራተኛውም ቢሆን በነፃ አልበላም፦ የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አለት የጉድጓድ ውሃውን ፍሎራይድ ስለሚያበዛበት፣ ወንጂ ላይ ለዓመታት የጠጡት ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ የአንዳንዶቹም አጥንት ጎበጠ። እነዚህ ወጪዎች የስኳሩ ዋጋ ላይ አልተጻፉም።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሳቸው። ባለቤቱ ተቀየረ፣ መፈክሩ ተቀየረ፣ ጥገኝነቱ ግን አልተቀየረም። ሸንኮራው ካፒታሊስትም ይሁን ሶሻሊስት የሚጠጣው ያንኑ አዋሽ ነው።

አሁን የሚያሳስበውም ይኸው ነው። ከደጋው እርሻ የሚታጠበው አፈር ቆቃ ውስጥ እየተከመረ የውሃውን ቦታ ይሻማል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ በኩል እዚያው ይደርሳል። እምቦጩም ሐይቁ ላይ ተንሰራፍቷል። ስለዚህ ደጋ ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ ሳያውቀው የግድቡ ጥገና ሠራተኛ ነው። ደመወዝ ግን የለውም። ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ስናወራ መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባው የዚህን ሰው ነገር ይመስለኛል።

ማሽን ሲያረጅ ይቀየራል። የድሮዎቹ ወንጂና ሸዋም አርጅተው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ ፋብሪካ ተተክተዋል። የአዋሽ መለዋወጫ ግን መርካቶም አይገኝ።