የጭልፊት ዕዳ በአሞራ ሁሉ ላይ አይጣል

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ጠዳ እማዬ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ ጓሮ ያለችው ዶሮ ጮኸች። ያቺን ጩኸት ዶሮ ያለው ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሮጠን ስንወጣ ጭልፊቱ ጫጩቷን በጥፍሩ ይዞ ከአጥሩ በላይ ሄዷል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአስራ ሁለቱ ጫጩቶች የቀሩት ሦስት ናቸው።

አንድ ጎረቤታችን፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ «ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ ጣራ ላይ ማስቀመጥ ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም» አሉ። እኔ «ኧረ አይሆንም አባባ» አልኳቸው። እማዬ ግን ዝም አለች። ዝምታዋ አስፈራኝ። የእንቁላል ብር ለእሷ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔና የእህቶቼ ደብተር የተገዛው በዚያ ብር ነው። ስለዚህ ቤት ገብቼ ሳስብ የቆየሁትን ልጻፍላችሁ።

ይህ ጠብ የዛሬ አይደለም። ዶሮ ከእስያ የመጣች እንስሳ ናት። ሔሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ተመራማሪዎች በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በሚባል ጥንታዊ ቦታ ከተገኘው የዶሮ አጥንት ተነስተው፣ ዶሮ በሀገራችን ከ2,500 ዓመት በላይ እንደቆየች አሳይተዋል። እንግዲህ ከአክሱም መንግሥት በፊት ጀምሮ አንዲት እናት ደጃፏ ላይ ቆማ ሰማይ ሰማይ እያየች «እሽ!» ስትል ነበር ማለት ነው። ወንጌል ላይም ጌታ ለኢየሩሳሌም ሲያዝን የጠቀሰው ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር የምትሰበስብ ዶሮን ነው። ያን ምሳሌ ለኛ ሀገር ሰው ማብራራት አያስፈልግም፤ በዓይኑ ያየው ነገር ነው።

ወደ ጎንደር ስንመጣ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ አለ። በ1762 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1770) ወደ ጎንደር ሲመጣ ሊማሊሞን ወጥቶ አናቱ ላይ አረፈ። አገልጋዮቹ የፍየል ሥጋ ሲቀቅሉ አንድ ትልቅ አሞራ ቀስ ብሎ መጥቶ መካከላቸው አረፈ። መጀመሪያ እግሩን የፈላው ድስት ውስጥ ከተተ፤ ሲያቃጥለው አወጣና ገበታ ላይ የነበረውን አንድ ታፋና አንድ ወርች በሁለት እግሩ ይዞ በረረ። ብሩስ ተመልሶ እንደሚመጣ ገምቶ ጠመንጃውን አጉርሶ ጠበቀው። እውነትም መጣ፤ ተኩሶ ጣለው። ክንፉ ተዘርግቶ ሲለካ ሁለት ሜትር ተኩል ሆነ። ብሩስ በመጽሐፉ «ንስር ወርቅ» ብሎ ጻፈው፤ ጺም ስላለውም ተራው ሰው የጺም ስም እንዳወጣለት ጨምሯል።

አሁን ነገሩን ልብ በሉ። የወፍ አዋቂዎች እንደሚሉት ያ ወፍ ንስር አልነበረም፤ ዛሬም ስሜን ተራሮች ላይ የምናየው ባለጺሙ ጥንብ አንሳ ነው። ይህ ወፍ በአብዛኛው የሚበላው አጥንት ነው። አጥንቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ጥሎ ይሰብረዋል። የዶሮ ጠላት አይደለም። ትልቅ ስለሆነ ግን ሰው ይፈራዋል። እኛም እስከዛሬ ይህን ስህተት እንሠራለን፤ ሰማይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚዞረውን ሁሉ «አሞራ» ብለን ባንድ ሙዳይ እንከተዋለን።

ከብሩስ ስልሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ጎንደር የመጣው ጀርመናዊው ሩፔል ግን ወፎቹን ለይቶ መዘገበ። የኛን አፈ ወፍራም ቁራና ስልክ እንጨት ላይ የሚቀመጠውን ጅራተ ቀይ ወፍ ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ያ ጅራተ ቀይ አልፎ አልፎ ጫጩት ቢነጥቅም ዋና ምግቡ አይጥ ነው። እህል ለሚያመርት ሰው ባለውለታ ነው።

ታዲያ ሌባው ማነው? ባብዛኛው ጅራቱ ሹካ የሚመስለው ጭልፊት ነው፤ ያ ቄራ አካባቢ የሚያንዣብበው፣ ሥጋ ይዘህ ስትሄድ ከእጅህ የሚመነትፈው። ስሙ ራሱ ከ«ጨለፈ» የመጣ ይመስለኛል፤ እውነትም ጨልፎ ነው የሚሄደው።

ጊዜውንም እዩ። በሁዳዴ እንቁላል ስለማይበላ ዋጋው ይወርዳል፤ እናቶችም ዶሮ ያስታቅፋሉ። በ21 ቀን ጫጩት ይፈለፈላል። ያ ወቅት በጋ ነው፤ ሣሩ ደርቋል፣ መደበቂያ የለም። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ጭልፊቶችም ገና አልሄዱም። በዚያ ላይ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ በየአጥራችን ቆሞ ለጭልፊት ማማ ሆኖታል።

የድሮ ሰው ይህን ያውቅ ነበር። አያቴ ጫጩቶቹን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅርጫት ደፍታባቸው ታውላለች። ጓሮ ያለውን ጌሾ ሥሩን አትመለምለውም ነበር፤ «ለጫጩት ጥላ ነው» ትላለች። ልጅ ጠባቂ ነበር፤ እኔም በወንጭፍ ጠብቄያለሁ። አውራ ዶሮውም ዘበኛ ነው፤ ከላይ ለሚመጣ አንድ ዓይነት ድምፅ፣ በምድር ለሚመጣ ሌላ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ሳይንሱም ይህን አረጋግጧል። እናት ዶሮዋ ያንን ሰምታ ጫጩቶቿን ትሰበስባለች።

በኋላ «የተሻሻለ ዝርያ» መጣ። እኛም ሰፈር አንድ ጊዜ ጫጩት ታድሎ ነበር። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ የፈረንጇ ከ200 በላይ ትጥላለች። ጥሩ ነገር ነው። ግን ያለ እናት ያደገ፣ ከሩቅ የሚታይ ነጭ ዶሮ ባዶ ግቢ ላይ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረንም። የኛ ገብስማ አፈር መስላ ታመልጣለች፤ ያቺ ቆማ ታየዋለች። እኛ ቤት ፈንግል የተረፋትን ጭልፊት ጨረሳት።

አሁን ወደ መርዙ ልመለስ። መርዝ ሌባውን ለይቶ አያውቅም። ጣራ ላይ የተቀመጠውን ሥጋ ጥንብ አንሳውም፣ ቁራውም፣ የጎረቤት ድመትም ይበላዋል። በዓለም ላይ ጥንብ አንሳ እየጠፋ ያለበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ለጅብና ለውሻ የተጣለ መርዝ ነው። በሩፔል ስም የሚጠራው ጥንብ አንሳ ከ2015 (በፈረንጅ) ጀምሮ ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። እነሱ ከጠፉ የሞተውን አህያና ውሻ ማን ያነሳልናል? ጭልፊቱ እንደሆነ አንዱ ቢሞት ሌላው ነገ ይመጣል።

እሁድ ዕለት ከጎርጎራ ያስመጣሁትን ያረጀ የዓሣ መረብ ከጌሾው እስከ ግድግዳው ወጠርኩት። ጣና ላይ የናይለን መረብ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው፤ አያቴ ብታገኘው ኖሮ ቅርጫቷን ትጥል ነበር። ሦስቱ ጫጩቶች ከሥሩ ናቸው። ሁለት ወር እስኪሞላቸው አይወጡም። ትናንት ጭልፊቱ መጥቶ ሁለት ጊዜ ዞረና ሄደ።

ጎረቤታችንም መጥተው አዩት። መረቡን በእጃቸው ሳብ ሳብ አድርገው «ስንት ነው ሜትሩ?» አሉ። መርዙን አላነሱትም። እኔም አላነሳሁባቸውም፤ የተረፈኝን ቁራጭ ሰጠኋቸው።

እናንተ ሰፈርስ ጫጩት በምን ይጠበቃል? የእናቶቻችሁን ዘዴ ጻፉልኝ፣ ለእማዬ አነብላታለሁ። ሰላም ዋሉ።