የካቲት 12 አደባባይ

የካቲት 12 አደባባይ በአዲስ አበባ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ፊት ለፊት የሚገኝ አደባባይ ነው። ሕዝቡ በብዛት «ስድስት ኪሎ» ብሎ ይጠራዋል። በመካከሉ የቆመው ሐውልት በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ወታደሮች ለተጨፈጨፉ ኢትዮጵያውያን መታሰቢያ ነው። እንደ መስቀል አደባባይ ሰፊ ሜዳ የለውም፤ ሆኖም ከከተማዋ ዋና ዋና የመታሰቢያ ሥፍራዎች አንዱ ነው።

የስሙ ምንጭ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣልያው እንደራሴ ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት በማድረግ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት እንዲሰጥ አዘዘ። ሕዝቡ በግቢው ተሰብስቦ ሳለ አብርሃ ደቦጭ እና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒም ክፉኛ ቆሰለ። ወታደሮቹ ወዲያውኑ ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። ጭፍጨፋው ወደ ከተማው ተዛምቶ ለሦስት ቀናት ቀጠለ፤ ብዙ ቤቶችም ከነነዋሪዎቻቸው ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲያደርሰው፣ የታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ገደማ ይገምተዋል።

ሐውልቱ

ሐውልቱ በ1955 እ.ኤ.አ. በዩጎዝላቪያ ስጦታነት የተሠራ ነው። የሠሩት ቀራጮች አንቶን አውጉስቲንቺች እና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ዩጎዝላቪያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፋሺስቶች የተወረረች አገር ነበረች። ረጅሙን የድንጋይ ዓምድ የከበቡት የነሐስ ቅርጾች ግድያውንና የሕዝቡን ሐዘን ያሳያሉ።

አደባባዩና ዩኒቨርሲቲው

ከ1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ግድያው የተጀመረበት ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኝበት ነው። በዚህም ምክንያት አደባባዩ የተማሪዎች መተላለፊያና መገናኛ ሆነ። የስድስት ኪሎ ግቢ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ የተነሣው የተማሪዎች ንቅናቄ ማእከል ነበር። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱ በግቢው ውስጥ አስከሬኑን ከብበው ባዘኑ ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሕይወት አጠፉ።

የመታሰቢያው በዓል

በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ባለሥልጣናት፣ አርበኞችና የከተማው ነዋሪዎች በአደባባዩ ተገኝተው በሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ። አርበኞቹ የክብር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሜዳያቸውን አድርገው ይመጣሉ። ጭፍጨፋውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ቁጥር እየተመናመነ ስለሄደ፣ ታሪኩን የመንገሩ ኃላፊነት በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ላይ ወድቋል። በሌላው ቀን አደባባዩ ታክሲ የሚዞርበት፣ ተማሪ የሚተላለፍበት ሥፍራ ነው። በአካባቢው የሚገኙ አንድ ሆስፒታልና አንድ ትምህርት ቤትም «የካቲት 12» የሚለውን ስም ይዘዋል።