ደምና ወተት የሚገፋው ትንሽ ፓምፕ፦ አጭር ታሪክ

የሕክምና ተቋማትም ሆኑ የምግብ ፋብሪካዎች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ትንሽ ፓምፕ አለ። አሠራሩ አንጀት ምግብን ወደፊት ከሚገፋበት መንገድ ጋር ይመሳሰላል። ተሽከርካሪ ሮለሮች የሚለመጥ ቱቦን ከግድግዳ ጋር እየተጫኑ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ይገፉታል። ደሙ ወይም ወተቱ የሚነካው ቱቦውን ብቻ በመሆኑ፣ ቱቦው ከተለወጠ ሞተሩን ማጠብ አያስፈልግም።

በአሜሪካ ዩጂን አለን እ.ኤ.አ. በ1881 ይህን ስልት ለደም መስጫ አስመዘገበ። ማይክል ደቤኪ በ1934 አሻሽሎ አቀረበው። ጆን ጊበን ደግሞ በ1953 ልብንና ሳንባን ተክቶ በሚሠራው መሣሪያ ውስጥ ተጠቅሞበት፣ በፊላደልፊያ በዚህ መሣሪያ የታገዘውን የመጀመሪያ የተሳካ ክፍት የልብ ቀዶ ሕክምና አከናወነ።

ስልቱ በአገራችን ሥር እስኪሰድ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በዶክተር በላይ አበጋዝ አማካይነት በ1989 የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ለዓመታት ሕፃናትን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ሲልክ ቆየ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው በ2009 ነው። ቋሚ የኩላሊት እጥበትም በአዲስ አበባ በቅዱስ ገብርኤል ጠቅላላ ሆስፒታል በ2001 ተጀምሯል።

ከአያት ተነሥቶ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ወደ እጥበት ማዕከል ለሚመላለስ ሕመምተኛ የመሣሪያው ማነስ ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ማሳነስ የራሱ ዋጋ አለው። ፓምፑ በደቂቃ የሚያፈሰው መጠን፣ በአንድ ዙር የሚገፋው ፈሳሽ በዙሮቹ ብዛት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ቱቦው ሲቀጥን ሮለሮቹ መፍጠን ይኖርባቸዋል፤ ቱቦውም ቶሎ ያልቃል። ሮለሩ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰበራሉ፤ ከላላም ፈሳሹ ወደኋላ ይመለሳል። ፓምፑ ቢያንስም አንድ የአራት ሰዓት እጥበት 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውኃ መፈለጉ አይቀርም።

የዚህ ፓምፕ ጥንካሬም ሆነ ድክመት ያለው ቱቦው ላይ ነው። ሞተሩ ለዓመታት ያገለግላል፤ ቱቦው ግን ለእያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና አዲስ መሆን አለበት፤ የሚመጣውም በውጭ ምንዛሪ ነው። የልብ ማዕከሉን ሥራ ደጋግሞ ያስተጓጎለውም የአላቂ ዕቃዎች እጥረት ነው። በመሆኑም በአገር ውስጥ አነስተኛ ፓምፕ ለመንደፍ የሚነሣ መሐንዲስ ከሞተሩ አስቀድሞ ስለ ቱቦው፣ ስለ ንጽሕናውና ስለ አቅርቦቱ ሊያስብ ይገባል።