ግመል ፈቃድ ያስጠይቃል፣ ጂፕ ዝም ብሎ ያልፋል

የአፋርን በረሃ “አሰሱ” ተብለው በመጻሕፍት የሰፈሩ ስሞች ብዙ ናቸው። ሙንዚንገር፣ ጁሊዬቲ፣ ቢያንኪ፣ ኔዝቢት፣ ቴሲጀር። እነዚህን ሰዎች ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ውኃ ያደረሷቸው ሰዎች ስም ግን ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። የተጻፈውን ብቻ ያነበበ ሰው፣ አውሮፓዊው ግመሉን እየጎተተ ብቻውን ማንም ወደማያውቀው አገር የገባ ሊመስለው ይችላል።

እውነታው ሌላ ነው። በደጋው ገበያ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ ጨው የሚመጣው ከዚያው በረሃ ነበር። ጨው ቆራጩና ግመል ነጂው ሜዳውን፣ ጉድጓዱን፣ የጥላውን ድንጋይ ሁሉ በስሙ ያውቁት ነበር። “ደናክል” የሚለው ስም እንኳ ከውጭ የተሰጠ ነው፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው አፋር ብሎ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት በረሃውን መጀመሪያ ማን አየው የሚለው አይደለም። እዚያ የገባው እንግዳ ማንን አስፈቅዶ፣ በማን ተመርቶ ገባ? ታሪኩ ከዚህ ቢጀመር ብዙ ነገር ይገለጣል።

ቬርነር ሙንዚንገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ስዊዘርላንዳዊ የአፋርን ምድር ሁለት ጊዜ ረግጧል። በ1859 ዓ.ም ያለ ጦር ገብቶ የጨው ሜዳውን አቋርጦ ተመለሰ፤ የጉዞውንም ዘገባ አሳተመ። ሁለተኛው ጉዞ ሌላ ነበር። አሁን የግብፁ ገዢ የኬዲቭ እስማኤል ባለሥልጣን ሆኗል። በ1868 ዓ.ም በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችና መድፍ ይዞ፣ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ ለመውጣት ተነሣ። ዓላማው ከምኒልክ ጋር በመወዳጀት አፄ ዮሐንስን ከሁለት በኩል ማስጨነቅ ነበር። ስጦታም ይዟል፣ ወዳጅነትም ያወራል። ነገር ግን “ግመል ሰርቆ አጎንብሶ” እንዲሉ፣ መድፍ የጫነ እንግዳ ምን ቢያጎነብስ አይደበቅም። የአውሳ አፋሮች በሌሊት በሰፈረበት ደረሱበት፤ እሱም ባለቤቱም አብዛኛው ሠራዊቱም እዚያው ቀሩ። በዚያው ሰሞን ሌላው የግብፅ ጦር በጉንደት በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ። ጉንደትን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። የአውሳውን ሌሊት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው፤ የተከላከሉት አፋሮች ስም ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ጣሊያኖቹ መጡ። ጁሴፔ ጁሊዬቲ በ1873 ዓ.ም ከቤይሉል ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ አብረውት ከነበሩ የባሕር ኃይል ሰዎች ጋር ተገደለ። ጉስታቮ ቢያንኪም በ1877 ዓ.ም ከደጋው ወደ አሰብ መንገድ ልክፈት ብሎ ሲወርድ እንደወጣ ቀረ። በአውሮፓ ጋዜጦች እነዚህ ሰዎች የሥልጣኔ ሰማዕት ሆኑ፤ አፋሩ ደግሞ “ጨካኝ” ተባለ። ከአፋሩ ወገን ሲታይ ግን ከኋላቸው የሚመጣው መርከብና ጦር እንደነበር ማሰብ ከባድ አልነበረም። አሰብ ላይ የጣሊያን ባንዲራ ቀድሞ ተተክሏል።

ኔዝቢት በ1920 ዓ.ም ከሁለት ጣሊያናውያን ባልደረቦቹ ጋር ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ፣ በግመል ወደ ሰሜን ዘለቀ። በረሃውን ከደቡብ እስከ ሰሜን ያቋረጠ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ተብሎ ስሙ ተመዘገበ። በመንገድ ላይ ከአገልጋዮቹ ሦስቱ ተገድለዋል። መጽሐፉ ዝናን ያተረፈው ለሦስቱ አውሮፓውያን ነው።

ዊልፍሬድ ቴሲጀር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ በእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ የተወለደው ይህ ሰው 23 ዓመቱ ነበር። የተነሣበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ወደ ባሕር የማይደርሰው አዋሽ የት ነው የሚጠፋው? በ1926 ዓ.ም ከግመሎቹ ጋር ወንዙን ተከትሎ ወረደ፤ አቤ ሐይቅ ድረስ ሄዶ መጨረሻውን አየ፤ ከዚያም ታጁራ ወጣ። ጥያቄው የአውሮፓ ካርታ ጥያቄ ነበር። ለአውሳ ሰው መልሱ አዲስ አልነበረም፤ በዚያ ውኃ ከብቱን ሲያጠጣ ኖሯል።

ቴሲጀርን ከሌሎቹ የሚለየው ግን አለ። የአውሳውን ሱልጣን መሐመድ ያዮን ማስፈቀድ ነበረበት። ሱልጣኑ በታጣቂዎቻቸው ተከበው፣ በጫካ መሐል በጨረቃ ብርሃን ተቀበሉት። እንዲያልፍ የፈቀዱት እሳቸው ናቸው። ባይፈቅዱ ኖሮ ዛሬ አሳሽ የሚባል ቴሲጀር ባልኖረ ነበር። መሣሪያ ያልያዘ ሁሉ በሰላም ያልፍ ነበር ማለት አይደለም፤ በረሃው በጎሳ ግጭትም የተሞላ ነበር። ሆኖም የአገሩን ባለቤት ሳያነጋግር የዘለቀ ሰው ብዙም አልሄደም።

ለዚህ ምክንያቱ ግመሉ ራሱ ነው። ግመል ቢታገሥም ውኃና ግጦሽ ይፈልጋል። ውኃውም ግጦሹም ባለቤት አላቸው። ስለዚህ በግመል የሚሄድ መንገደኛ ማታ የሚሰፍርበትን ቦታ የሚመርጥለት የውኃው ባለቤት ነው። ሰላምታ አለ፣ ዳጉ አለ። ዳጉ ማለት አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ቁጭ ብሎ የሚለዋወጥበት ሥርዓት ነው። እንግዳው ገና ሳይደርስ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ፣ ምን እንደሚፈልግ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። ያለ አገሬው ሰው ምስክርነት ወደፊት መራመድ አይቻልም።

ጂፕ ሲመጣ ይህ ተለወጠ። ውኃውን በጀሪካን፣ ነዳጁን በበርሜል የጫነ መኪና የጉድጓዱን ባለቤት አይለምንም። ቅፍለት ቀናት የሚፈጅበትን መንገድ በሰዓታት ይጨርሰዋል። ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ፈረንሳዊው የጂኦሎጂ ሰው ሞሪስ ታዬብ በ1960ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ አቆጣጠር በላንድ ሮቨር አፋርን ባያስስ ኖሮ፣ ሐዳር ባልታወቀ ነበር። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላትን ቅሪት አካል አገኙ። የዚያን ማታ በካምፑ የቢትልስ ዘፈን በቴፕ ሲጫወት፣ ከዘፈኑ ተወስዶ “ሉሲ” የሚል ስም ወጣላት። ድንቅነሽ የሚለው በኋላ የመጣ ነው። በሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ ግን “አፋረንሲስ” የሚል ቃል ገብቷል። ምድሩ በስሙ ተጠራ፤ በዚያ ሐሩር መንገድ ያሳዩ፣ ካምፕ የጠበቁ፣ አፈር የነፉ የአፋር ሰዎች ስም ግን ዛሬም በአደባባይ አይታወቅም።

ዛሬ ጂፕና ግመል ባንድ ጉዞ ተገናኝተዋል። ቱሪስቱ ከመቀሌ ወይም ከሰመራ በላንድ ክሩዘር ይወርዳል፤ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለውን ዳሎልን ያያል። ወደ ኤርታ አሌ ሲወጣ ፍራሹንና ውኃውን ለዓመታት የተሸከመው ግመል ነው። እንግዳው የእሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ ሰማይ እያየ ያድራል። በማግስቱ ፎቶው ዓለምን ይዞራል፤ የግመሉ ባለቤት ግን በፎቶው ላይ እንኳ ጀርባው ነው የሚታየው። አስፋልቱ ወደ ጨው ሜዳው ሲደርስ ደግሞ ከግመል ቅፍለቱ ሥራ የተወሰነውን የጭነት መኪና ወሰደበት። ጨው ይጭን የነበረ ቤተሰብ ከቱሪዝሙ የሚያገኘው ምንድን ነው የሚለው፣ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ይህ የስም ጉዳይ ቀላል የሚመስለው ካለ 1999 ዓ.ምን ያስታውስ። በየካቲት መጨረሻ፣ ከእንግሊዝ ኤምባሲ ጋር ግንኙነት ያላቸው አምስት አውሮፓውያን በጨው ሜዳው አካባቢ ታገቱ፤ አብረዋቸው የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ተወሰዱ። የዓለም ዜና ማሠራጫዎች ለሁለት ሳምንት ገደማ ሌት ተቀን ዘገቡ። አምስቱ ተለቀቁ፣ ዜናውም ቀዘቀዘ። ኢትዮጵያውያኑ ግን ከዚያ በኋላም ለሳምንታት በአጋቾቹ እጅ ቆይተዋል። የአምስቱን ስም በአንድ ደቂቃ ማግኘት ይቻላል። የእነዚያን ስም ስንት ሰው ያውቃል? ከ1868 እስከ 1999 ዘመኑ ተለዋውጧል፣ የአቆጣጠሩ ልማድ ግን ብዙም አልተለወጠም።

“የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ” ይላል የአገራችን ሰው። የአፋርን በረሃ ማሳየት የሚችለው አፋር ነው። ይህ እንዲሆን ትልቅ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። የትኛው ጎሳ መሬት ላይ እንደሚታደር ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ የማደሪያውን ክፍያ ለማኅበረሰቡ በግልጽ መስጠት፣ የአፋር ወጣቶችን ከጠባቂነት አልፎ በባለሙያ መሪነት ማሠልጠን ይቻላል። ተመራማሪም ጽሑፉን ሲያሳትም፣ አስጎብኚም የጉዞ ወረቀቱን ሲያዘጋጅ፣ መንገድ መሪውንና የግመሉን ባለቤት በሙሉ ስማቸው ይጻፋቸው። አንድ መስመር ቦታ ቢይዝ ነው።