የጅምላ ቤቶች ዕጣ፦ ከሴንት ሉዊስ እስከ ጀሞ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የዓለም ከተሞች ክፉ የቤት ችግር ነበረባቸው። አውሮፓ በጦርነት ፈራርሳለች። በሶቪየት ኅብረት ከገጠር ወደ ፋብሪካ የፈለሰው ሕዝብ አንዱን ቤት ለብዙ ቤተሰብ ተካፍሎ ይኖራል። የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ደግሞ ያረጁ ሰፈሮቻቸውን ለማፍረስ ቸኩለዋል። የሁሉም መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ሆነ፦ በብዛት የሚገነባ፣ እርስ በርሱ የሚመሳሰል፣ በሰፊ ሜዳ ላይ የተደረደረ የኮንክሪት ፎቅ። ሐሳቡን ካቀነቀኑት አንዱ አርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚዬ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ማርሴይ ላይ የተጠናቀቀው ሕንፃውም ለብዙዎች አርአያ ሆነ።

ዛሬ እነዚያ ሰፈሮች 50 እና 60 ዓመት ደፍነዋል። ይፍረሱ ወይስ ይታደሱ የሚለው ክርክርም ከከተማ ከተማ ይዞራል። ታሪካቸውን ስንመረምር ግን ከኮንክሪቱ ጥራት ይበልጥ ዕጣቸውን የወሰነው ሌላ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን፤ ለጥገናው ማን ይከፍላል፣ በቤቱስ ላይ ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረው የቤቶች ሰፈር ፕሩት-አይጎ ነው። በአርክቴክት ሚኖሩ ያማሳኪ የተነደፉት ባለ 11 ፎቅ 33 ሕንፃዎች ከ1954 ጀምሮ ነዋሪ ገባባቸው። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ሊፍቱ በየፎቁ አይቆምም ነበር። አንደኛ፣ አራተኛ፣ ሰባተኛና አሥረኛ ፎቅ ላይ ብቻ እየቆመ ሌላውን ነዋሪ በደረጃ ያስኬደዋል። ግንባታውን የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ሲሸፍን ጥገናው ግን ከተከራዩ ኪራይ እንዲወጣ ተደረገ። ከተማዋ ሥራና ሕዝብ እያጣች ስትሄድ የሚከራይ ጠፋ፣ ኪራዩ ቀነሰ፣ ሊፍቱ ተበላሸ፣ ቧንቧው ፈነዳ፤ የሚጠግን አልነበረም። በ1969 ተከራዮች ኪራይ አንከፍልም ብለው አደሙ። በ1972 ማፍረስ ተጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አንድም ሕንፃ አልቀረም። ብዙዎች የዘመናዊውን አርክቴክቸር ሞት አወጁ፤ ቦታው ግን ለአሥርት ዓመታት አብዛኛው ክፍሉ ዛፍ በቅሎበት ባዶውን ቀረ። ሕንፃዎቹን ማፍረሱ ለነዋሪው ችግር መፍትሔ አላመጣም።

ሲንጋፖርም ሊፍታቸው በየፎቁ የማይቆም ሕንፃዎች ነበሯት። በ1960 የተቋቋመው የቤቶች ልማት ቦርድ የገነባቸው ቤቶች ዛሬ ከሕዝቡ ብዙውን እጅ ያስጠልላሉ። ልዩነቱ ከግንባታው በኋላ የሆነው ነው። እያንዳንዱ አባወራ በየወሩ የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላል፤ ከክፍያው የተወሰነው ለወደፊት ትልልቅ ጥገናዎች በሕግ ተለይቶ ይቀመጣል። ከ2001 ጀምሮ ሊፍቱ በሁሉም ፎቅ እንዲቆም የማሻሻያ ፕሮግራም ሲወጣ ነዋሪዎች ድምፅ ሰጡበት፤ 75 በመቶ ከደገፈው ሥራው ይጀመር ነበር። አብዛኛውን ወጪ መንግሥት ሸፈነ፣ ነዋሪው ትንሽ ድርሻ አዋጣ። ሴንት ሉዊስ ላይ ለሕንፃው ውድቀት አንዱ ሰበብ የሆነው ችግር እዚህ በምርጫና በመዋጮ ተፈታ።

ሞስኮ ሌላ መንገድ ያዘች። በሶቪየቱ መሪ በክሩሽቾቭ ዘመን የተሠሩት ባለ አምስት ፎቅ ቤቶች ርካሽ እንዲሆኑ ሊፍት አልተገጠመላቸውም። በ2017 ከተማዋ ከአምስት ሺሕ በላይ ሕንፃዎችን አፍርሳ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ለማዛወር አቀደች። የምሥራቅ ጀርመን ከተሞች ግን የገጠማቸው ችግር የሰው እጦት ነበር፤ ከ1990 ወዲህ ነዋሪው ወደ ምዕራብ ሲሄድ ቤቱ ባዶ ቀረ። በርሊን ማርዛን ውስጥ ባለ 11 ፎቅ ሕንፃዎችን ሙሉ በሙሉ ከማፍረስ ይልቅ የላይኞቹን ፎቆች አንስተው ዝቅ ያሉ፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው ቤቶች አደረጓቸው።

ካለፉት ሃያ ዓመታት እድሳቶች ሁለቱ ጠጋ ተብለው ሊታዩ ይገባል። አንዱ አምስተርዳም ቤይልመርሜር ውስጥ የሚገኘው ክላይቡርግ ነው። 400 ሜትር ርዝመትና 500 ቤቶች ያሉት ይህ ሕንፃ ሊፈርስ ሲል አንድ የገንቢዎች ስብስብ በ1 ዩሮ ገዛው። ገንቢዎቹ ዋናውን አካል፣ ሊፍቱንና ኮሪደሩን ብቻ አደሱ፤ የውስጡን ፊኒሺንግ ገዢው እንደ አቅሙና እንደ ምርጫው ራሱ ሠራው። የኮንዶሚኒየም ቁልፍ ተቀብሎ ወለሉንና ግድግዳውን በራሱ ገንዘብ ለጨረሰ የአዲስ አበባ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሕንፃው በ2017 የአውሮፓን ትልቅ የአርክቴክቸር ሽልማት አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ሽልማት የወሰደው ቦርዶ ከተማ የሚገኘው የግራን ፓርክ ሥራ ነው። አርክቴክቶቹ አን ላካቶንና ዣን-ፊሊፕ ቫሳል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በሦስት ሕንፃዎች ላይ ያሉ 530 ቤቶችን ነዋሪው ሳይወጣ አሰፏቸው። ተሠርቶ የመጣ ክፍል በክሬን ተነሥቶ ከነባሩ ግድግዳ ፊት ይቆማል፤ ትንሹ መስኮት ተነሥቶ በምትኩ የሚንሸራተት የመስታወት በር ይገባል። ቤተሰቡ በተኛበት ቤት ሳሎኑ ስፋቱ ከሦስት ሜትር ከሚበልጥ በረንዳ ጋር ተገናኘ።

እድሳት ሁሉ ግን ደግ አይደለም። ለንደን ውስጥ በ1974 የተጠናቀቀው ባለ 24 ፎቅ ግሬንፌል ታወር በ2016 ያለቀው እድሳት የሚቀጣጠል ልባስ አልብሶት ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017 በተነሣው እሳት 72 ሰዎች አለቁ፤ ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይገኙበታል። ነዋሪዎቹ ስለ ሕንፃው ደኅንነት አስቀድመው አቤት ቢሉም የሰማቸው አልነበረም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ የቀበሌ ቤት ኪራይ እጅግ ዝቅ ብሎ ቆየ። ለተከራዩ እፎይታ ነበር፤ ለጣሪያውና ለግድግዳው ግን የሚተርፍ ሳንቲም አልነበረም። የጭቃ ቤቱም ለማርጀት ብዙ አልቆየም። የፕሩት-አይጎ የሒሳብ ስህተት በሌላ መልክ እኛም ዘንድ ተደገመ ማለት ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከገርጂ የሙከራ ሕንፃዎች የጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ደግሞ ጎተራን፣ ጀሞን፣ ሰሚትን፣ የካ አባዶንና ኮዬ ፈጬን አዳርሷል። ብዙዎቹ ብሎኮች ሊፍት የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ናቸው። ያኔ በጎልማሳነታቸው ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ዛሬ ጉልበታቸው ደክሟል። ውኃ ላይኛው ፎቅ ሳይደርስ ሲቀር ጀሪካን በደረጃ ይወጣል፤ በየበረንዳው ሮቶ ይቀመጣል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ደንግጓል። በብዙ ብሎክ ግን ማኅበሩ የሚታወሰው የጥበቃ ደመወዝ ሲሰበሰብ ነው። ባለቤቱ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል፤ ተከራዩ ወደ ስብሰባ አይጠራም። ጣሪያው ሲያፈስ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ብቻ ዕዳ ይመስላል።

እነዚህ ሕንፃዎች ገና አላረጁም፤ ጊዜው አሁን ነው። እያንዳንዱ ማኅበር ከወርኃዊው መዋጮ ለትልቅ ጥገና የሚሆን የማይነካ ሒሳብ ይክፈት፣ ተከራይም በጉባኤው ድምፅ ይኑረው። ከተማ አስተዳደሩም አዲስ ብሎክ ከማስመረቁ በፊት ለነባሮቹ ጥገና በጀት ይመድብ። ዛሬ ቧንቧውን የማያስጠግን ብሎክ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣለት ግሬደር ነው።