ከመቅደላ የወጡና ከመቅደላ የቀሩ

ስለ ማምለጥ የሚተረክ ታሪክ ሁሉ ለጆሮ ይጥማል። ዘቡ ተዘናጋ፣ በሩ ተከፈተ፣ እስረኛው በጨለማ ወጣ ሲባል ሰሚው ሁሉ ካምላጩ ጋር አብሮ ይሮጣል። እኛ ግን ካምላጩ ጋር ጥቂት ከሮጥን በኋላ ፊታችንን መልሰን ከበሩ ወዲያ የቀሩትን እንመለከታለን።

መነሻ የሆነን በውጭው ዓለም የታወቀ አንድ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ስሙ ሻዶውረን ይባላል። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታተመ፤ ታሪኩ ግን በ2050 እንደሚፈጸም ተደርጎ ተጻፈ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል። የቀሩት የሌላ ሰው ማንነት ለብሰው ወደ አንድ ታላቅ ኩባንያ ግቢ ሾልከው ይገባሉ፤ ምስጢር ወይም ሰው ሰርቀው ይወጣሉ። አንዱ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ይፈታል፣ አንዱ ዘቡን በአፉ ያታልላል፣ አንዱ መሣሪያ ይዞ መውጫውን ይጠብቃል። መሳካት አለመሳካቱን ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይወስነዋል። ናይሮቢ ደርሶ ጊጊሪን ያየ፣ የተባበሩት መንግሥታትን ግቢና የኤምባሲዎችን አጥር በውጭ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ የጨዋታውን ሕንፃ በዓይነ ኅሊናው ለመሣል አይቸገርም።

እንዲህ ያለ ሥራ ሦስት ጥያቄ አለው፤ ይኸውም እንዴት ይገባል? እንዴት ይወጣል? ከተወጣ በኋላስ ማን ይቀበላል? የሚሉት ናቸው። በአገራችን ታሪክ እነዚህ ጥያቄዎች ያለ ዳይስ የተመለሱበት ሌሊት አለ።

የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ምኒልክ ገና ዐሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። አጤ ቴዎድሮስ ማርከው ወሰዷቸው። በኋላም ዙሪያዋ ገደል በሆነች በመቅደላ አምባ አኖሯቸው። ሆኖም እንደ ተራ እስረኛ አልያዟቸውም፤ የደጃዝማችነት ማዕርግ ሰጧቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። ዐሥር ዓመት ገደማ እንዲህ አለፈ። ልማድ ራሱ ቁልፍ ነው፤ ዘወትር የሚያዩትን ሰው፣ ያውም የንጉሡን አማች፣ ዘቦች እንደ እስረኛ መጠርጠር ይሰለቻቸዋል።

ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም. ሌሊት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ምኒልክ ከጥቂት ታማኞቻቸው ጋር ከአምባው ወጡ። አልጣሽ እዚያው ቀሩ።

ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሱት የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ናቸው። ወርቂት የቴዎድሮስ ባላንጣ ነበሩ፤ ነገር ግን ልጃቸው በመቅደላ መያዣ ሆኖ ታስሯል። ምኒልክ እጃቸው ሲገቡ፣ ይህን ሰጥቼ ያንን ልቀበል ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ቴዎድሮስ ግን የምኒልክን ማምለጥ እንዳወቁ በታላቅ ቁጣ የወርቂትን ልጅና ሌሎች የወሎ መያዣዎችን አስገደሉ፤ ገደልም አስወረወሩ። ልጃቸውን ያጡት እናት የሰውን ልጅ በሰላም ወደ ሸዋ አሳለፉ።

ምኒልክ በዚያው ዓመት በነሐሴ አንኮበር ገቡ፤ ንጉሥ ነኝም አሉ። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነው ሁሉ በዚያች ሌሊት በኩል ያለፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ሂሳቡን እንመልከት። በጠረጴዛው ጨዋታ ዋጋውን የሚከፍሉት ጠረጴዛውን የከበቡት ናቸው፤ ሲነጋም ሁሉም ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመቅደላ ግን ዋጋውን የከፈሉት በምክሩ ያልነበሩ፣ ውጡ ወይም ቅሩ ተብለው ያልተጠየቁ ሰዎች ናቸው። የምኒልክን ስም ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ የወርቂትን ልጅ ስም የሚጠራ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ስንል አምላጩን ለመውቀስ አይደለም። የታሰረ ሰው መውጫ መፈለጉ ተፈጥሮው ነው፤ በዚህ ሰፈር ያለን ሁሉ እናውቀዋለን። ነገር ግን እያንዳንዳችን ስንወጣ ቤቱን ከፍቶ ያሳደረን፣ መንገድ ያሳየን፣ በኋላም የት ሄደ ተብሎ የተጠየቀ ሰው አለን። የጉዞ ታሪካችንን ለልጆቻችን ስንነግር ወይም በዚህ ገጽ ስንጽፍ፣ እነዚያን ሰዎች ከታሪኩ አናውጣቸው። ስማቸውን መጻፍ ዛሬም አደጋ የሚያመጣባቸው ከሆነ፣ ጊዜው እስኪደርስ በልባችን እንያዘው።